ከንጉሡም ማእድ ከአባቱም ርስት፦ የአካል ጉዳተኛ ልጆቻችንን አደራ በጽሑፍ ስለ ማጽናት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

በጎንደር ከተማ አድባራትም ሆነ በደባርቅ፣ በዳባትና በጃናሞራ ባሉ የገጠር አብያተ ክርስቲያናት የንስሓ አባቶች ከወላጆች ደጋግመው የሚሰሙት አንድ ጥያቄ አለ። ልጁ ማየት የተሳነው፣ እግሩ የማይታዘዝለት ወይም የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለበት ወላጅ «እኔ ሳልፍ ይህን ልጅ ማን ያየዋል?» ብሎ ይጠይቃል። ብዙውን ጊዜ የሚሰጠው መልስ «እግዚአብሔር አለ» የሚል ነው። መልሱ እውነት ነው። ነገር ግን እግዚአብሔር በሰው እጅም ይሠራልና፣ ወላጅ በሕይወት ሳለ ሊያዘጋጀው የሚገባው ሥራ አለ። በዚህ ጽሑፍ ያንን ሥራ፣ ማለትም ለአካል ጉዳተኛ ቤተሰብ የሚተው ንብረት በታመነ ሰው እጅ ሆኖ ለተጠቃሚው ብቻ የሚውልበትን የአደራ ሥርዓት፣ እንዲሁም ይህ ሥርዓት ከመንግሥት ከሚገኝ ድጋፍ ጋር እንዴት ሊሄድ እንደሚችል እናያለን።

ሜምፊቦስቴና ባለአደራው

አስቀድመን አንድ የተሳሳተ አሳብ እናርቅ። አካል ጉዳት የወላጅ ወይም የልጅ ኃጢአት ዋጋ አይደለም። ጌታችን ዕውር ሆኖ ስለ ተወለደው ሰው ደቀ መዛሙርቱ በጠየቁት ጊዜ ይህን አሳብ አርቆታል (ዮሐ. 9፥1-3)። ስለዚህ ልጅን ከሰው ዐይን መሰወር፣ ከትምህርትና ከማኅበር መለየት፣ ከውርስ ዝርዝርም ስሙን ማስቀረት ክርስቲያናዊ አይደለም።

የአደራን ነገር ከሁሉ ይልቅ የሚያስተምረን የዮናታን ልጅ የሜምፊቦስቴ ታሪክ ነው። አምስት ዓመት ሲሆነው ሞግዚቱ ይዛው ስትሸሽ ወድቆ ሁለቱም እግሮቹ ሽባ ሆኑ (2ሳሙ. 4፥4)። ንጉሥ ዳዊት ከነገሠ በኋላ ስለ ዮናታን ፍቅር ፈልጎ ሲያገኘው ሁለት ነገር አደረገለት። የመጀመሪያው፣ ዘወትር ከንጉሡ ማእድ እንዲበላ አዘዘ። ሁለተኛው፣ የአያቱን የሳኦልን እርሻ ሁሉ መለሰለት፤ እርሻውንም የሳኦል አገልጋይ የነበረው ሲባ ከዐሥራ አምስቱ ልጆቹና ከሃያው አገልጋዮቹ ጋር እያረሰ ፍሬውን ለጌታው ልጅ እንዲያገባ አደረገ (2ሳሙ. 9)።

በዚህ ታሪክ የንጉሡ ማእድ የርስቱ ምትክ አልሆነም፤ ርስት ስላለውም ከማእዱ አልተከለከለም። ማእዱ የዕለት እንጀራው ነበር፤ ርስቱ ደግሞ ለእርሱና ለልጁ ለሚካ የሚተርፍ መሠረት ነበር። ሁለቱንም የሰጠው ንጉሡ ራሱ ነው፤ ሁሉም በግልጽ ተደረገ።

ታሪኩ ግን በዚህ አላበቃም። አቤሴሎም ባመፀ ጊዜ ሲባ ወደ ዳዊት መጥቶ ጌታውን በሐሰት ከሰሰ፤ ንጉሡም ሜምፊቦስቴን ሳይሰማ ርስቱን ሁሉ ለሲባ ሰጠው (2ሳሙ. 16፥1-4)። ኋላ ሜምፊቦስቴ በንጉሡ ፊት ቀርቦ አገልጋዩ እንዳታለለው፣ እርሱ አንካሳ በመሆኑ በራሱ መሄድ እንዳልቻለ በተናገረ ጊዜ እንኳ የተመለሰለት ግማሹ ብቻ ነበር (2ሳሙ. 19፥24-30)። የጎደለው ምን ነበር? ባለአደራው አንድ ብቻ ነበር፤ የሚቆጣጠረው አልነበረም፤ ባለመብቱም ሳይጠየቅ ፍርድ ተሰጠ። ዛሬ በመንደራችን የአካል ጉዳተኛ ወንድማቸውን ቤት ሸጠው እርሱን በቤተ ክርስቲያን ደጅ የሚተዉ ዘመዶች የሚያደርጉት ይህንኑ ነው።

ጎንደር የምታውቀው ሥርዓት

ንብረትን ለተወሰነ ዓላማ ለይቶ በአደራ ማኖር ለጎንደር እንግዳ ነገር አይደለም። በ17ኛውና በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የጎንደር ነገሥታትና መኳንንት፣ በተለይም ደብረ ፀሐይ ቁስቋምን ያሠሩት እቴጌ ምንትዋብ፣ ለአድባራቱ መሬት ሲሰጡ የመሬቱ ፍሬ ለየትኛው አገልግሎት እንደሚውል ይወስኑ ነበር። ስጦታው፣ ሽያጩና ውርሱ በወንጌል መጽሐፍ ባዶ ገጾች ላይ ይጻፍ ነበር፤ የምስክሮቹ ስም ይዘረዘራል፤ የሚያፈርሰውም በግዝት ይታሰራል። ይህ የመሬት ሥሪት በየካቲት 1967 ዓ.ም. በታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ተቋርጧል። ልማዱ ግን ሦስት ነገሮችን አስተምሮ አልፏል፤ ዓላማን መለየት፣ በጽሑፍ ማኖር፣ በምስክር ማጽናት።

በሌላም በኩል ጎንደር የአካል ጉዳት ያለባቸው ሰዎች ሸክም ብቻ እንዳልሆኑ ከማንም በላይ ታውቃለች። የአቋቋም ማስመስከሪያ በሆነችው በባእታ ለማርያምና በአካባቢው ጉባኤ ቤቶች ዜማውንና ቅኔውን በቃላቸው የያዙ ዐይነ ስውራን ሊቃውንት ወንበር ዘርግተው አስተምረዋል። ስለዚህ አደራ ስንል ሰውየውን ከማኅበራዊ ሕይወት አውጥተን የምናኖርበት ሥርዓት ማለታችን አይደለም፤ ተምሮ፣ ሠርቶ፣ ቆርቦ እንዲኖር የሚያስችለውን ስንቅ የምናኖርበት ነው።

«ለንስሓ አባቴ ተናግሬአለሁ» ይበቃልን?

በአማርኛችን «ኑዛዜ» የሚለው ቃል ኃጢአትን መናገርንም፣ ከሞት በኋላ ስለ ንብረት የሚፈጸመውን ቃል መስጠትንም ያመለክታል። ከዚህ የተነሣ ብዙ አባቶችና እናቶች በሕመም አልጋ ላይ ሆነው «ቤቱ ለዚህ ልጄ ይሁን፤ እገሌ ይጠብቅለት» ብለው ለንስሓ አባታቸው ከተናገሩ ነገሩ የተፈጸመ ይመስላቸዋል። እዚህ ላይ ብዙ ልጆች ተጎድተዋልና በጥንቃቄ እንመልከተው።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሦስት ዓይነት ኑዛዜ ያውቃል። የቃል ኑዛዜ በሁለት ምስክሮች ፊት የሚነገር ነው። በዚህ ዓይነት ኑዛዜ ሊወሰን የሚችለው ግን ስለ ቀብር ሥርዓት፣ እያንዳንዱ ከ500 ብር ስለማይበልጥ ስጦታ፣ እንዲሁም ለአካለ መጠን ላልደረሱ ልጆች አሳዳሪና ሞግዚት ስለ መሾም ብቻ ነው። ተናዛዡ ከተናገረ በኋላ ሦስት ወር በሕይወት ከቆየም ኑዛዜው ይፈርሳል። እንግዲህ ቤት በቃል ኑዛዜ አይተላለፍም፤ ዕድሜው ከ18 ዓመት ላለፈ አካል ጉዳተኛ ልጅም በቃል ኑዛዜ ሞግዚት አይሾምም።

ሁለተኛው ተናዛዡ ራሱ ሙሉ በሙሉ በእጁ የሚጽፈው ኑዛዜ ነው። ይህም በሰባት ዓመት ውስጥ በውልና ማስረጃ ወይም በፍርድ ቤት መዝገብ ካልተቀመጠ ዋጋ ያጣል። ሦስተኛውና ለአብዛኛው ሰው የሚመከረው በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ ነው። ይህን ተናዛዡ ቢጽፈው ወይም እየተናገረ ሌላ ሰው ቢጽፍለት፣ በእርሱና በአራት ምስክሮች ፊት ይነበባል፤ መነበቡና ቀኑም በጽሑፉ ውስጥ ይገለጻል፤ ሁሉም ወዲያው ይፈርሙበታል ወይም በጣታቸው ያትሙበታል። ከምስክሮቹ አንዱ በሥራው ላይ ያለ ዳኛ ወይም የውልና ማስረጃ ሹም ከሆነ ሁለት ምስክሮች ይበቃሉ። ማንበብና መጻፍ የማይችሉ የደጋው ገበሬዎችም በዚህ መንገድ ሊጠቀሙ ይችላሉ። የንስሓ አባት ከምስክሮቹ አንዱ መሆን ይችላሉ፤ ነገር ግን ከምስክሮቹ ማንም በኑዛዜው ተጠቃሚ እንዳይሆን ይገባል።

የአደራ ንብረት በሕግ

ኑዛዜ ንብረቱ ለማን እንደሚሆን ይናገራል። ልጁ ግን ንብረቱን በራሱ ማስተዳደር የሚከብደው ከሆነ ወይም ሌሎች ሊያታልሉት የሚችሉ ከሆነ ባለቤትነት ብቻውን አያድነውም። ለዚህ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ከአንቀጽ 516 ጀምሮ በውጭ ቋንቋ «ትረስት» የሚባለውን የአደራ ሥርዓት ደንግጓል። በዚህ ሥርዓት አንድ የተለየ ንብረት ራሱን ችሎ ይቆማል፤ ባለአደራ የተባለው ሰው አደራ ሰጪው በተወው መመሪያ መሠረት ያስተዳድረዋል፤ ጥቅሙ ግን ለተጠቃሚው ይሆናል። አደራው ለአንድ ሰው፣ ለአንድ ድርጅት ወይም ለአንድ ዓላማ ሊቋቋም ይችላል። የሚቋቋመውም በሕይወት ሳሉ በስጦታ ወይም ከሞት በኋላ እንዲጸና በኑዛዜ ነው። ስጦታው ቤት ወይም ሌላ የማይንቀሳቀስ ንብረት ከሆነ በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜን ፎርም መከተል አለበት።

ይህን ከሞግዚትነት መለየት ያስፈልጋል። በሕጋችን አንድ ሰው በአእምሮ ሕመም ምክንያት ራሱንና ንብረቱን መጠበቅ ካልቻለ ፍርድ ቤት ከሕጋዊ ተግባራት ሊከለክለውና አሳዳሪና ሞግዚት ሊሾምለት ይችላል። ማየት ወይም መስማት የተሳናቸውና ሌላ ቋሚ ጉድለት ያለባቸው ሰዎችም ራሳቸውን መጠበቅ ካልቻሉ ይህንኑ ጥበቃ ሊጠይቁ እንደሚችሉ አንቀጽ 340 ይናገራል። ክልከላ ግን ከባድ ነገር ነው፤ የሰውየውን የመዋዋልና የመወሰን መብት ያጠብበታል። ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትም በአንቀጽ 12 አካል ጉዳተኞች በሕግ ፊት ከሌሎች ጋር እኩል ሰዎች መሆናቸውን ያስገነዝባል። የአደራ ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው፤ የልጁን መብት ሳይነካ ንብረቱን ብቻ ይጠብቃል። ሰው ዐይነ ስውር ስለሆነ ብቻ ክልከላ መጠየቅ በደል ነው።

ስለ ገጠር መሬት አንድ ነገር እንጨምር። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ አይሸጥም አይለወጥም። ገበሬ የሚያስተላልፈው የይዞታና የመጠቀም መብቱን ነው፤ ይህም በክልሉ የመሬት ሕግ ይመራል። ስለዚህ በኑዛዜው ከመጻፍ በፊት የይዞታ ደብተሩ የማን ስም እንዳለበት ማየትና የወረዳውን የመሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት መጠየቅ ይገባል። መሬቱን ራሱ ማረስ ለማይችል ልጅ በእኩል የሚያርሰው ማን እንደሚሆንና ድርሻው እንዴት እንደሚደርሰው በጽሑፍ ሊቀመጥ ይገባዋል። ሲባም እርሻውን ያረሰው ለጌታው ልጅ ነበር።

ከመንግሥት ድጋፍ ጋር

ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 5 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን ለአካል ጉዳተኞች፣ ለአረጋውያንና ወላጅ አልባ ለሆኑ ሕፃናት እንክብካቤ እንደሚያደርግ ደንግጓል። በተግባር በደጋው ሕዝባችን ዘንድ የታወቀው በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም ነው። በዚህ ፕሮግራም ሥራ መሥራት የሚችል ሰው ያለበት ቤተሰብ በማኅበረሰብ ሥራ ሲሳተፍ፣ አረጋውያንና አካል ጉዳተኞች ብቻ ያሉበት ቤተሰብ ደግሞ ያለ ሥራ የቀጥታ ድጋፍ ያገኛል። በ2015 እና በ2016 ዓ.ም. በጃናሞራ፣ በበየዳና በጠለምት ድርቅ በበረታ ጊዜ እንዲህ ያለ ድጋፍ ለስንት ቤት እስትንፋስ እንደሆነ በቦታው ያለ ሁሉ ያውቃል። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅንም መክፈል ለማይችሉ ቤተሰቦች መዋጮውን መንግሥት የሚሸፍንበት መንገድ አለው።

እነዚህ ድጋፎች የሚሰጡት ለድኻው ነው። የሚመረጡትም በቀበሌው ሕዝብ ዘንድ ሲሆን፣ የቤተሰቡ መሬት፣ ከብትና ሌላ ሀብት ከግምት ይገባል። እንግዲህ አንድ አባት ሁለት በሬና አንድ ቤት በልጁ ስም ብቻ ጽፎ ቢሞት፣ ልጁ በወረቀት ሀብታም፣ በእውነት ግን ረኃብተኛ ሊሆን ይችላል፤ በሬውን ዘመድ ይዞታል፣ ቤቱን ሌላ ይኖርበታል፣ ከድጋፉም ስሙ ተሠርዟል። አደራ ይህን ያርማል፤ ንብረቱ ለምን ተግባር እንደተለየና ከእርሱ ለልጁ በእውነት ምን ያህል እንደሚደርስ በግልጽ ያሳያልና።

ይህን ስንል ንብረት ደብቀን የድኻ ድርሻ እንውሰድ ማለታችን አይደለም። እንዲህ ያለው ስርቆት ነው። አደራው ለቀበሌው ኮሚቴ በግልጽ ይነገር፤ ፍሬው ለዕለት ጉርስ የሚበቃ ከሆነ ድጋፉ ለባሰበት ይተው። ፍሬው ጥቂት ከሆነ ግን ድጋፉ ለማይሸፍነው ነገር እንደተለየ ይብራራ፤ ለመድኃኒት፣ ለተሽከርካሪ ወንበር ጥገና፣ ለትምህርት፣ ለመሪ ሰው ደመወዝ። የመንግሥት ሠራተኛ ወይም ጡረተኛ የሆናችሁ ወላጆችም የተተኪ ጡረታ ለአካል ጉዳተኛ ልጃችሁ እስከ ምን ድረስ እንደሚሰጥና ምን ማስረጃ እንደሚጠየቅ በሕይወት ሳላችሁ ከማኅበራዊ ዋስትና ጽሕፈት ቤት ጠይቁ። የሕክምና ማስረጃውን ከወላጅ ሞት በኋላ መፈለግ እጅግ ያስቸግራል።

በውጭ ላሉ ወገኖቻችን

ከጎንደር ሄደው በአሜሪካ የሚኖሩ ብዙ ቤተሰቦች አሉን፤ በዚያ ያለው ሕግ በዚህ ጉዳይ እጅግ ጥብቅ ነው። «ኤስ ኤስ አይ» የሚባለውን ወርኃዊ ድጋፍ የሚያገኝ አካል ጉዳተኛ በስሙ ከ2,000 ዶላር በላይ ሀብት ሊኖረው አይፈቀድም፤ ይህ ወሰን እ.ኤ.አ. ከ1989 ጀምሮ አልተለወጠም። ከዚህ ጋር ሜዲኬይድ የተባለው የሕክምና ሽፋን ሊታጣ ይችላል። እንግዲህ በጎንደር ያለች አያት ለልጅ ልጅዋ በፍቅር ያወረሰችው ቤት ወይም ገንዘብ በዚያ አገር መድኃኒቱን ሊያስከለክለው ይችላል።

ሕጉ ራሱ ለዚህ መውጫ አዘጋጅቷል። ወላጅ ወይም ዘመድ ስጦታውን ለልጁ በቀጥታ ከመስጠት ይልቅ «የልዩ ፍላጎት ትረስት» በሚባል አደራ ያኖረዋል፤ ባለአደራው ገንዘቡን በልጁ እጅ ሳይሰጥ የመንግሥት ድጋፍ ለማይሸፍነው ነገር በቀጥታ ይከፍላል። ገንዘቡ የልጁ የራሱ ከነበረ፣ ለምሳሌ የጉዳት ካሣ ከሆነ፣ ሕጉ ሌላ ሥርዓት አለው፤ ከሞቱ በኋላ ከቀረው ላይ ለሜዲኬይድ ወጪ ይመለሳል። እ.ኤ.አ. በ2014 በወጣ ሕግ የተፈቀደው «ኤብል» የተባለው የቁጠባ ሒሳብም አለ፤ በውስጡ እስከ 100,000 ዶላር ያለው ገንዘብ ለኤስ ኤስ አይ እንደ ሀብት አይቆጠርም። ስለዚህ ከአገር ቤት ውርስ የምታስተላልፉ፣ በዚያም የምትቀበሉ፣ ከመፈራረማችሁ በፊት በዚያ አገር ያለ የሕግ ባለሙያ አማክሩ።

አደራው ሲጻፍ

አደራ ሊያቋቁም ያሰበ ቤተሰብ የሚከተሉትን ያስብ።

1. ልጁን ይጠይቅ። የሚወደውን፣ የሚፈራውን፣ ከማን ጋር መኖር እንደሚሻ ይስማ። ሜምፊቦስቴ ያልተሰማበት ፍርድ እንዳይደገም።
2. ባለአደራውንና ተቆጣጣሪውን ይለይ። ገንዘቡን የሚይዘውና ሒሳቡን የሚመረምረው አንድ ሰው አይሁን። ባለአደራው ቢሞት ወይም ቢሰደድ የሚተካውም በስም ይጻፍ።
3. ንብረቱ ከባለአደራው የግል ንብረት ይለይ። ገንዘብ ከሆነ የራሱ የባንክ ሒሳብ ይኑረው።
4. ዓላማው በቅደም ተከተል ይጻፍ፤ ምግብና መድኃኒት፣ መኖሪያ፣ ትምህርት፣ መንፈሳዊ አገልግሎት። ቤቱ ሊሸጥ የሚችልና የማይችል መቼ እንደሆነ ይገለጽ።
5. በዓመት አንድ ቀን፣ ለምሳሌ ቤተሰቡ ዝክር በሚዘክርበት ዕለት፣ ሒሳቡ በልጁና በዘመዶች ፊት ይነበብ።
6. ልጁ ሲያርፍ ስለ ቀብሩና ስለ ተዝካሩ፣ ከዚያም የተረፈው ለማን እንደሚሆን ይወሰን።
7. ለሌሎቹ ልጆች በሕይወት ሳሉ ይብራራላቸው። ወንድሞችና እህቶች ያልሰሙት ኑዛዜ የክርክር ምንጭ ነው።

ለጠበቃ የሚከፍሉት የሌላቸው በጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ከሚሰጠው ነፃ የሕግ ድጋፍ ምክር ሊጠይቁ ይችላሉ።

የአጥቢያው ድርሻ

ሐዋርያት የመበለቶች ምግብ በተጓደለ ጊዜ ነገሩን በጸሎት ብቻ አላለፉትም፤ መንፈስ ቅዱስ የሞላባቸውን፣ በመልካም የተመሰከረላቸውን ሰባት ሰዎች ለዚህ ሥራ ሾሙ (ሐዋ. 6፥1-6)። የአጥቢያ ሰበካ ጉባኤም ለቤተሰቦች በተቆጣጣሪነት ሊያገለግል፣ በየዓመቱ የሚነበበውን ሒሳብ ሊሰማ፣ ባለአደራው ቢያጠፋ ለፍርድ ቤት ሊጠቁም ይችላል። ካህኑ ግን ገንዘቡን በእጁ ባይይዝ ይመረጣል፤ እረኝነቱ ከጥርጣሬ ንጹሕ ሆኖ እንዲኖር። ሰንበቴዎችና የጽዋ ማኅበራት በየወሩ ጥቂት ጥቂት በማዋጣት ወላጅ ለሌላቸው አካል ጉዳተኞች የጋራ ስንቅ ሊያኖሩ ይችላሉ። ይህ ሰፍቶ ራሱን የቻለ የበጎ አድራጎት አደራ ወይም ኢንዶውመንት እንዲሆን ከተፈለገ በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 መሠረት መመዝገብ ያስፈልጋል።

ውድ ምእመናን፣ ጌታችን በመስቀል ላይ ሳለ፣ በዚያ ጭንቅ ሰዓት፣ እናቱን ለሚወደው ደቀ መዝሙር፣ ደቀ መዝሙሩንም ለእናቱ አደራ ሰጠ፤ ደቀ መዝሙሩም ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ወደ ቤቱ ወሰዳት (ዮሐ. 19፥26-27)። አደራው በምስክሮች ፊት በስም ተሰጠ፤ የተቀበለውም ወዲያው ፈጸመው። የሁሉ መጋቢ የሆነው አምላክ ይህን ካደረገ፣ እኛ ዕለተ ሞታችንን የማናውቅ ሰዎች ልጆቻችንን ለማንም በስም ሳንሰጥ ልናድር አይገባም። እስከ ሕመም አልጋ ድረስ አንጠብቅ። በዚህ ሳምንት ከቤተሰባችን ጋር እንቀመጥ፤ የይዞታ ደብተሩንና የቤቱን ካርታ አውጥተን እንይ፤ የሚታመኑትን ሁለት ሰዎች እንለይ፤ ልጃችንንም «ምን ትሻለህ?» ብለን እንጠይቅ።

አምላካችን እግዚአብሔር የታመኑ ባለአደራዎች ያድርገን። የእመቤታችን የቅድስት ድንግል ማርያም አማላጅነት፣ የቅዱሳን ሁሉ ጸሎት ከሁላችን ጋር ይሁን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።